የአያቴ በር በማን አልበም ውስጥ ነው?

ቤታችሁ የፎቶ አልበም ካለ እስኪ አንድ ጊዜ አውጡት። ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ልደትና ምርቃት አለ። ሁሉም አምሮበት ካሜራው ፊት ቀጥ ብሎ ቆሟል። አሁን ሰዎቹን ተዉአቸውና ከኋላቸው ያለውን ፈልጉ። የቤታችሁ በር ይታያል? ኳስ የተጫወታችሁባት ሜዳ፣ ውኃ የተቀዳበት ቦኖ፣ ከረሜላ የገዛችሁበት ሱቅ አለ? በእኛ አልበም ውስጥ የለም።

አያቴ ከአርባ ዓመት በላይ የኖሩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። እናቴ የተወለደችው እዚያ ነው፤ እኔም ትምህርት ቤት ሲዘጋ ክረምቱን የማሳልፈው እዚያ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ አያቴ ከከተማዋ ዳር ወደሚገኝ ኮንዶሚኒየም ገቡ። አዲሱ ቤት ውኃው ከውስጥ ነው፣ መጸዳጃው የግል ነው፤ ይህን አያቴ ራሳቸው አይክዱም። ግን በገቡ በሦስተኛው ሳምንት ልንጠይቃቸው ስንሄድ፣ ቡናው እየተቆላ ሳለ፣ "ልጄ፣ እስኪ ያቺን በሬን አሳዪኝ" አሉኝ።

ስልኬ ውስጥ ብዙ ሺህ ፎቶ አለ። የምሳ ሰሃኖች አሉ፣ የሥራ ስብሰባዎች አሉ፣ የልጄ እንቅልፍ ብቻ እንኳ አንድ አልበም ይሞላል። የአያቴ በር የለም። ብዙ ፈልጌ ያገኘሁት አንድ ፎቶ ነው፦ የልጄ ሦስተኛ ዓመት ልደት። መሐሉ ላይ ኬክ፣ ከኬኩ ኋላ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ በር፣ እሱም ጥጉ ብቻ። አያቴ መነጽራቸውን አድርገው ኬኩንም ልጁንም ትተው ያንን ጥግ ረጅም ጊዜ አዩት። "እሱ ነው" አሉና ስልኩን መለሱልኝ።

ሙያዬ ማርኬቲንግ ነው። ምስል እየመረጥኩ፣ እያስነሣሁ፣ እያሳተምኩ ነው የምኖረው። ያን ቀን ግን ለራሴ ቤተሰብ የሚሆን አንዲት ፎቶ አጣሁ። የዛሬውን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ይህ ነው።

በወር አንድ ቅዳሜ

ከዚያ ወዲህ እኛ ብሎክ የምንኖር አምስት ቤተሰቦች በወር አንድ ቅዳሜ አንድ ሰፈር መርጠን በእግራችን እንወጣለን። እውነተኛ ካሜራ ያለው አንድ ጎረቤት ብቻ ነው፤ ሌሎቻችን የምናነሣው በስልክ ነው። ልጆቹም ያነሣሉ። በየሄድንበት ደግሞ ስልካችንን ለሰፈሩ ሰው እንሰጥና "እርስዎ ቢሆኑ ምኑን ያነሡ ነበር?" ብለን እንጠይቃለን። የጉዞው ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

በሌላው ዓለም ይህ የማኅበረሰብ ፎቶግራፍ ይባላል። ሰፈሩን ከውጭ የመጣ እንግዳ ብቻ አያነሣውም፤ ነዋሪው ራሱ አንሺም፣ መራጭም፣ ተራኪም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በቻይና ዩናን ግዛት ለገጠር ሴቶች ካሜራ ተሰጥቶ ኑሯቸውን በራሳቸው ዓይን አሳይተዋል፤ ፎቶቮይስ የተባለው ይህ ዘዴ ከዚያ በኋላ ብዙ አገር ደርሷል። እኛም ዘንድ ጀማሪዎች አይደለንም። ኤሪክ ጎተስማን የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ከአዲስ አበባ ልጆች ጋር ለዓመታት "ሰደን ፍላወርስ" በሚል ስም በጋራ ሠርቷል። ከከተማዋ ነዋሪዎች የቤት አልበም በተሰበሰቡ የድሮ ፎቶዎች የተሠራው "ቪንቴጅ አዲስ አበባ" የተሰኘ መጽሐፍም አለ። በ2003 ዓ.ም. በአይዳ ሙሉነህ የተመሠረተው አዲስ ፎቶ ፌስትም የፎቶ ኤግዚቢሽን ለከተማችን አዲስ ነገር እንዳይሆን አድርጓል።

ይህ ለምን ያስፈልጋል ካላችሁ፣ የድሮዋን አዲስ አበባ ፎቶዎች አስቡ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የአፄ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ቀጥለውበታል። እንዲህ ባሉ ሰዎች ሥራ ነገሥታቱንና መኳንንቱን ከነካባቸው እናያቸዋለን። እንጨት የተሸከመችው፣ ጠላ የጠመቀችው፣ በር ላይ ተቀምጣ ጥጥ የፈተለችው ግን ብዙውን ጊዜ ስም የላትም፤ ወይም ጭራሽ ፎቶ ውስጥ አልገባችም። የእኛ ዘመን ካሜራ በየኪሱ አለ። ፎቶ ያጣ ሰፈር ቢኖር ካሜራ ስለጠፋ ሳይሆን ልብ ስላላልነው ነው።

አንደኛው መንገድ፦ ከጊዮርጊስ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ

ለመጀመሪያ ጉዞ ፒያሳን እመክራችኋለሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ድረሱ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ ረፋድ ላይ ትበረታለች። ከ4 ሰዓት በኋላ የሰው ዓይን ሥር ይጠቁራል፣ ነጠላው ደግሞ ከልክ በላይ ይነጣል። ጠዋት ግን ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ ግድግዳውም ፊቱም ያምራል።

ስምንት ማዕዘኑ ቤተ ክርስቲያን ከዓድዋ ድል ጋር የተያያዘ ነው፤ ንግሥት ዘውዲቱም አፄ ኃይለ ሥላሴም ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው። ቅዳሴ ላይ ካሜራ አታውጡ፤ ግቢው ውስጥም ቢሆን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ውጭ አደባባዩ ላይ የአፄ ምኒልክ ሐውልት አለ። በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ሰሞን የቆመ ነው፤ ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ ከቦታው አንሥተውት ከነጻነት በኋላ ተመልሷል። ለልጆቻችሁ ይህን ንገሯቸውና አንድ ሥራ ስጧቸው፦ ሐውልቱን ሳይሆን ሐውልቱን የሚያዩትን ሰዎች ያንሡ። የስምንት ዓመቱ ልጄ በዚያ ጠዋት ያነሣት ምርጥ ፎቶ፣ ከአደባባዩ ዳር ቆመው በነጠላ ተሸፋፍነው የሚሳለሙ እናትና ከጎናቸው ሳንቡሳ የሚገምጥ ልጅ ናት። እኔ ከቁመቴ ሆኜ ያንን አላየሁትም ነበር።

ከዚያ ወደ ቶሞካ ውረዱ። እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ቡና ሲቆላ የኖረ ቤት ነው፤ ሰው እዚያ ቡናውን ቆሞ ይጠጣል። ቀጥሎ ጣይቱ ሆቴል አለ፤ የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል። በጥር 2007 ዓ.ም. የደረሰበትን ቃጠሎ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። የእንጨት ወለሉ ላይ ስትራመዱ የሚሰማውን ድምፅ ፎቶ አያነሣውም፤ ስለዚህ ልጆቹ ጸጥ ብለው ያዳምጡት። ብዙም ሳይርቅ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴአትር አለ።

ከዚያ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስትወርዱ ቀስ በሉ። አንድ ጊዜ በድልድዩ አካባቢ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጅ ከወንድሟ ጋር ቆማ ታየን ነበር። እናቷ ከሱቃቸው ደጃፍ "ግድ የለም፣ ታንሣ" ስላሉን ስልኬን ሰጠኋት። አምስት ፎቶ አነሣች፦ ሱቃቸውን፣ ወንድሟን፣ እንደገና ወንድሟን፣ የሚቀመጡበትን ድንጋይ። አምስተኛው ፎቶ ላይ ምንም የለም። የቆርቆሮ አጥርና ከአጥሩ በላይ ሰማይ ብቻ ነው።

"ይኼኛው ምንድን ነው?" አልኳት።

"የጓደኛዬ ቤት ነበረ" አለች።

እኔ በዚያ አጥር አጠገብ ሁለት ጊዜ አልፌያለሁ። ያየሁት አጥር ነው። የማኅበረሰብ ፎቶግራፍ ምን እንደሆነ ካነበብኩት ሁሉ ይልቅ ያቺ ልጅ አስረድታኛለች።

ሁለተኛው መንገድ፦ ሽሮ ሜዳ

በሌላ ቅዳሜ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ውጡ። የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ጋ ቆማችሁ ጀምሩ፤ በ1929 ዓ.ም. የተፈጸመውን ጭፍጨፋ ለልጆች ለመንገር ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ገበያውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከልብስ መደብሮቹ ጀርባ ያሉትን ሸማኔዎች ግን ስንቶቻችን አይተናል? ብዙዎቹ ሥራውን ከጋሞ ደጋ ይዘውት የመጡ ቤተሰቦች ናቸው።

አንድ ሸማኔ ቤት አስፈቅደን ገባን። እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አድርገው፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እያሳለፉ፣ ጥበብ እየሠሩ ነበር። ፊታቸውን ለማንሣት ስዘጋጅ "ፊቴን ምን ያደርግልሻል? እጄን አንሺ፤ የሚሠራው እሱ ነው" አሉ። ትክክል ነበሩ። ስንጨርስ ግን እሳቸውም የፈለጉት ፎቶ ነበራቸው፦ ያለቀውን ነጠላ በሁለት እጃቸው ዘርግተው፣ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አስተካክለው። አገር ቤት ላሉት እናታቸው የሚልኩት ነው። እኛ "የተፈጥሮ" የምንለውን ፎቶ እንወዳለን፤ ሰዉ ደግሞ ለብሶ መታየት ይወዳል። ሁለቱንም አንሡ። የእሳቸውን ምርጫ ግን አስቀድሙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የአሜሪካ ኤምባሲ በዚያው በእንጦጦ መንገድ ላይ ስለሆነ እዚያ አካባቢ ካሜራችሁን ቦርሳ ውስጥ ክተቱ። ይህ ለሁሉም ኤምባሲ፣ ለቤተ መንግሥት፣ ለፖሊስና ለወታደር ተቋማት ይሠራል።

የካላንደሩ አባት

ስለ ፈቃድ ይህን ያህል የማወራው ስለ ተሳሳትኩ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት የነበረ ድርጅት ለእንቁጣጣሽ ካላንደር ሲያዘጋጅ ለአንዱ ወር የሚሆን ፎቶ ጎደለኝ። ስልኬ ውስጥ አንድ አባት በጠዋት ፀሐይ ግድግዳ ተደግፈው ጋዜጣ ሲያነቡ ያነሣሁት ነበር። ከመንገድ ማዶ ሆኜ ነው ያነሣኋቸው፤ አላዩኝም። ከሥሩ "ትዕግሥት" የሚል ቃል አስገብቼ አሳተምኩት። ሁሉም ወደደው።

ከጥቂት ወራት በኋላ የጥበቃ ሠራተኛው አንድ ሽማግሌ ይፈልጉሻል ብሎ ጠራኝ። ካላንደሩን ጠቅልለው ይዘው መጥተዋል፤ ፀጉር አስተካካያቸው ቤት ተሰቅሎ አይተውት ነው። አልተቆጡም። ገንዘብም አልጠየቁም። "ልጄ፣ መልኬን ስትወስጂ ስሜን እንኳ እንዴት አልጠየቅሽም?" ብቻ አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ኋላ እንዳየሁት ሕጉም ከእሳቸው ጋር ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይደነግጋል። ቀጣዩ አንቀጽ አደባባይ ላይ እንደተደረገ ዝግጅት ያሉ ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ የድርጅት ማስታወቂያ ግን ከእነዚያ አንዱ አይደለም። ፎቶውን አሳጥቤ፣ በፍሬም አድርጌ ቤታቸው ወሰድኩላቸው። ይቅርታዬን ተቀበሉኝ፤ ቡናም ጠጣን። ስማቸውን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። እዚህ ያልጻፍኩት እንድጽፈው ስላልጠየቅኋቸው ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት

1. ከአምስት ቤተሰብ አትብለጡ። ሃያ ሰው ካሜራ ይዞ ጠባብ ሰፈር ሲገባ ጉብኝት ሳይሆን ወረራ ይመስላል። በተቻለ መጠን ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ከእናንተ ጋር ይኑር፤ የሥራ ባልደረባ፣ የዕድር አባል ወይም እዚያ ያደገ ዘመድ።

2. የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች ስልክ አታውጡ። ሰላም በሉ፣ ከሱቁ ውኃ ግዙ፣ ጫማችሁን አስጠርጉ። ሰፈሩ ቀድሞ ይያችሁ።

3. "ላንሣዎት?" በሉ። እምቢ ካሉ አመስግናችሁ እለፉ። ልጆችን ያለ ወላጅ ፈቃድ አታንሡ፤ የሰው ልጅ ፎቶ ደግሞ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትለጥፉ።

4. ለገንዘብ ብላችሁ ሰው አታሰልፉ። መስጠት ካማራችሁ ከሚሸጡት ግዙ፤ ከሁሉም የሚሻለው ግን ፎቶውን ራሱን መስጠት ነው።

5. ትንሹን ነገር አንሡ። የበር እጀታ፣ የቤት ቁጥር፣ በእጅ የተጻፈ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የዕድር ድንኳን፣ የቦኖው ወረፋ ጀሪካኖች። ሐውልቱን ሌላው ያነሣዋል።

6. ማታ ቤት ስትገቡ ጻፉ። ቀኑን፣ ሰፈሩን፣ ሰውየው ከፈቀዱ ስማቸውን። ያለ ጽሑፍ የተቀመጠ ፎቶ ከሃያ ዓመት በኋላ የማያውቁት ሰው ፎቶ ነው።

7. በወሩ ውስጥ ተመለሱ። ይህችን አትዝለሏት። ከፎቶዎቹ ዐሥሩን ፎቶ ቤት አሳጥቡና መልሳችሁ ውሰዱላቸው። ሁለተኛው ጉዞ ከመጀመሪያው ጋር አይመሳሰልም፤ በመጀመሪያው እንግዳ ነበራችሁ፣ በሁለተኛው "እነዚያ ፎቶ የሚያመጡት" ናችሁ። ሽሮ ሜዳ ፎቶውን ይዘን ስንመለስ ሸማኔው ሥራቸውን አቁመው ከጉድጓዱ ወጡ። ጎረቤት ተጠራ። ልጆቻችን ማግና ድር ለይተው የተማሩት በዚያች ሁለተኛ ቅዳሜ ነው።

በሩ

አያቴ ጋ ልመለስ። የዶሮ ማነቂያ ሰዎች ዛሬ በየኮንዶሚኒየሙ ተበታትነዋል፤ ዕድራቸው ግን አልፈረሰም። ልቅሶ ሲኖር አንዱ ከአንዱ ዳር በታክሲ እየተቀያየረ ይመጣል። ባለፈው ዓመት አንድ አርባ ላይ አያቴን አጅቤ ሄጄ፣ ሰው በልቶ ቡና ሲጀመር፣ ስለ በሩ አወራሁ። ሳቁብኝ። ከዚያ አንዷ የድሮ ጎረቤት "ቆይ፣ የእኔ ልጅ ስትመረቅ እናንተ ደጅ አልነበር እንዴ የተነሣነው?" አሉ።

በሳምንቱ ልጃቸው ፎቶውን በስልክ ላከችልኝ። ጥቁር ጋውን የለበሰች ወጣት፣ እቅፍ አበባ፣ ሁለት ወንድሞች። ከኋላቸው፣ ከላይ እስከ ታች፣ ሰማያዊው በር። ገርበብ ብሏል። በስንጥቁ ውስጥ የአያቴ ቀሚስ ጫፍ ይታያል፤ ፎቶ እየተነሣ እንደሆነ ሳያውቁ ሊወጡ ሲሉ መሆን አለበት።

ለካ የእኛ በር ስንፈልገው የኖረው በሰው አልበም ውስጥ ነው። የእነሱም የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ እኛ አልበም ውስጥ፣ ከአጎቴ ሠርግ ኋላ ተገኘ። አሁን በየወሩ ቅዳሜ ከመውጣታችን ሌላ፣ ከዕድሩ ሰዎች አልበም እየተዋስን ጀርባውን እንፈልጋለን። እስካሁን ሱቁን፣ አንዱን ጠባብ መተላለፊያና የቦኖውን ግማሽ አግኝተናል።

የበሩን ፎቶ በትልቁ አሳጥቤ አያቴ ሳሎን ሰቅያለሁ። እንግዳ ሲመጣ "ይቺ ማን ናት?" ይላል፣ ተመራቂዋን እያየ። አያቴ ለጥያቄው ቸኩለው አይመልሱም። መጀመሪያ የሚያሳዩት ከኋላዋ ያለውን ነው።

የፊታችን ቅዳሜ ሥራ ከሌላችሁ፣ ከሩቅ አትጀምሩ። ከገዛ በራችሁ ጀምሩ። ክፈቱት፣ አንድ ሰው ደጃፉ ላይ አቁሙና አንሡ። ከዚያ የጎረቤታችሁን።